የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን፦ 9,900 ብር ላለው ሰው ያዋጣል?

በጥቅምት 2017 ሽያጩ ሲጀመር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ነበር። አገልግሎቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ግዢው ቴሌብር ሱፐርአፕ ላይ ቅርንጫፍ ሳይሄዱ ያልቅ ነበር።

ጣጣው ከገዙ በኋላ ነው። አክሲዮን የቁጠባ ደብተር አይደለም፤ ሲቸግር ገንዘቡን የሚመልስ መስኮት የለም፣ ገዢ መገኘት አለበት። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በእኔ እይታ ዋጋው ተወዷል።

«ቴሌ አይከስርም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ደንበኛው ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ከ2015 ጀምሮ ሳፋሪኮም አጠገቡ አለ። በውጭ ምንዛሪ የተበደረ ድርጅት ደግሞ ብር በወረደ ቁጥር ዕዳው ያብጣል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ከደንበኛ ሳቢ መግለጫው፣ ማለትም አክሲዮን ሻጩ ስለ ድርጅቱ ለገዢዎች ከሚያወጣው ሰነድ፣ የስጋት ክፍሉን ቁጭ ብሎ ማንበብ ግድ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ አክሲዮን 20 ብር የትርፍ ድርሻ ቢከፈል 33ቱ 660 ብር ያስገኛሉ፤ ከግብር በፊት እንኳ 7 በመቶ አይሞላም። ይህን ባንካችሁ ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከሚከፍለው ጋር አስተያዩት። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን እዚህ ውስጥ እንዳይገባ፣ አደራ።