በ«54» የተሸጠልኝ የአኳሪየም መብራት

ለአኳሪየማችሁ የፍሎረሰንት መብራት ራሳችሁ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ 7,800 ብር ከፍዬ ነው ያወቅኩት። ብሩ ያናድዳል። ልጄ እጇን ውሃው ውስጥ ብትከት ኖሮ ብዬ ሳስብ ግን እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

ገንዳዬ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 50 ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 240 ሊትር ይይዛል። ዓሦቹ ደህና ናቸው፤ ያስቸገረኝ ተክሉ ነው። ካቦምባ ተክዬ ነበር። ካቦምባ ብርሃን ካነሰው ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ከታች ያለው ቅጠሉ ይረግፋል። የኔም እንደዚያ ሆነ። መብራት ሳፈላልግ አንድ የአኳሪየም ዕቃ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ሁለት 54 ዋት ቲ5 (ቀጭኑ ዓይነት) ፍሎረሰንት፣ ወደ መብራቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ባላስት፣ መያዣው፣ ከላይ የሚከደን የላሜራ ቤት፣ ሁሉም ተሟልቶ አለኝ አለ። «ወንድሜ፣ አንተ ገጣጥመህ ስፒናውን መሰካት ብቻ ነው» አለኝ። ስጠራጠር ፎቶ ላከልኝ። የፍሎረሰንቱ መስታወት ላይ 54 የሚል ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አምኜ ከፈልኩ።

ያ 54 ዋቱን የሚናገር ቁጥር አልነበረም። ቤት አምጥቼ ሳየው ሙሉው ጽሑፍ «36 ዋት/54-765» ይላል። ፎቶው ሲነሳ 36ቱ በመያዣው ተሸፍኗል። 54 የድሮ የብርሃን ቀለም መለያ ቁጥር ነው፣ የቀን ብርሃን የሚባለው ዓይነት። ከሱ ቀጥሎ ያለው 765 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ይነበባል። 7 ማለት ብርሃኑ የዕቃን ቀለም በትክክል የማሳየት ብቃቱ ከመቶ 70ዎቹ ውስጥ ነው ማለት ነው። 65 ማለት 6500 ኬልቪን፣ የብርሃኑ ቀለም መለኪያ። የተሻለው ፍሎረሰንት 865 ተብሎ ነው የሚጻፍበት። ኬልቪኑ ያው ሆኖ፣ የቀለም ብቃቱ 80ዎቹ ውስጥ ይገባል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 36 ዋቱ 765 ወደ 2500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል። 36 ዋቱ 865 ወደ 3250 ይደርሳል። ሻጩ ቃል የገባልኝ 54 ዋት ቲ5 ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ ከ4000 በላይ ነበር። እኔ የገዛሁት እንግዲህ የተነገረኝን ግማሽ ገደማ ነው። ለዚያውም ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው ተራ ፍሎረሰንት። መርካቶ ወርጄ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ዋጋ ጠየቅኩ። ተደምረው እኔ የከፈልኩትን ሲሶ አይሞሉም።

ማስመሪያ ይዤ ብሄድ ኖሮ አልሸወድም ነበር። ቲ5 ቀጭን ነው፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር። የኔው 36 ዋት ግን ቲ8 የሚባለው ወፍራሙ ዓይነት ነው፣ ውፍረቱ 26 ሚሊ ሜትር። 54 ዋቱ ቲ5 ርዝመቱ ወደ 115 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 36 ዋቱ ቲ8 120 ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት እሾሆችም በቲ5 በ5 ሚሊ ሜትር፣ በቲ8 በ13 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። መብራቱን የሚያስነሳውን ስታርተርም ተመልከቱ። 54 ዋት ቲ5 የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ ባላስት ነው፣ ስታርተር የለውም። ዕቃው ውስጥ ያቺ ትንሽ ክብ ስታርተር ካለች፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ 54 ዋት ቲ5 አይደለም። የኔ ባላስት ላይ «2 በ54» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ 36/40 ዋት የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልቀይር እጄን ከትቼ በሌላው እጄ ላሜራውን ያዝኩ። እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ጎረቤታችን ያሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋሼ በቴስተር ካቻቪቴ ነክተው አዩት። ላሜራው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ሲፈቱት የላሜራው ስለታም ጠርዝ የሽቦውን ላስቲክ በልቶታል። ገመዱ ባለሁለት ሽቦ ነው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ግራውንድ የለውም። 220 ቮልት ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ግራውንድ የለውም! ይህን የሠራ ሰው ለሌላም ሰው ሸጦ ይሆናል፤ የምጽፈው ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ክዳን ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ሻጩ ስደውልለት መጀመሪያ «ብርሃኑ ያው ነው» አለኝ። ስለ ንዝረቱ ስነግረው ደግሞ ግማሹን ብር እመልሳለሁ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። እናንተ ያለ ደረሰኝ እንዳትገዙ፣ ደረሰኙ ላይም ዋቱና ዓይነቱ ይጻፍ።

ሲያጣድፈኝ ያለው አንድ ነገር እውነት ነበር። «ፍሎረሰንት ከገበያ እየወጣ ነው፣ ነገ አታገኘውም» አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት ቲ5ንና ቲ8ን በሜርኩሪያቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ገበያው ውስጥ እንዳይገቡ አድርጓል። የሜርኩሪው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ፣ ለተራ መብራት የሚውሉት እስከ 2027 መጨረሻ መመረታቸው እንዲያበቃ ተስማምተዋል። እንግዲህ ሊቀር ላለ ዕቃ እጥፍ የምንከፍለው ለምንድነው? አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ኤልኢዲውን ብታዩ ይሻላል።

ባላችሁ ፍሎረሰንት መቀጠል ከፈለጋችሁ እኔ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሁለት 36 ዋት 865 ገዛሁ፣ ለሁለቱ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ባላስት ጨመርኩ። ባላስቱን ከክዳኑ አውጥቼ ግድግዳው ላይ፣ ከውሃው ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት። መያዣዎቹ የላስቲክ ማጥበቂያ ያላቸው፣ እርጥበት የማያስገቡ ናቸው። የመብራቱ ቤት አሁን እንጨት ነው፣ ውስጡን ነጭ ቀለም ቀባሁት። በመብራቱና በውሃው መካከል መስታወት አለ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ ጠብታ ቢከተለው እዚያው ታች ይንጠባጠባል። ጋሼ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ባለ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር አስገቡልኝ። ገንዘብ ቢያጥራችሁ ከሌላው ቀንሱ፣ ይህን ግን አትተዉ።

ካቦምባው ከታች አዲስ ቅጠል ማውጣት ጀምሯል። ልትገዙ ያያችሁት ዕቃ ካለ የመስታወቱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፣ ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አብረን እናነበዋለን።