ቪኤምፕሮቴክት፣ ዊንላይሰንስ ወይስ ነፃዎቹ? ባሕር ዳር ላይ ሶፍትዌር ለምትሸጡ

ለፋርማሲ፣ ለሆቴል ወይም ለግንባታ ዕቃ መሸጫ የሽያጭ ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ። አንድ ባለሱቅ ይገዛል፣ ሳይቆይ ፕሮግራሙ በፍላሽ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። ላይሰንስ ብታስገቡበትም በሲ ሻርፕ የተጻፈ ከሆነ ዲኤንስፓይና አይኤልስፓይ የሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች ኮዱን እናንተ እንደጻፋችሁት አድርገው ሊያወጡት ምንም አይቀራቸውም። በሲ ፕላስ ፕላስ ሲሆን ይከብዳል እንጂ አይቀርም። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ በ2019 ጊድራ የሚባለውን የኮድ መፍቻ በነፃ ከለቀቀ ወዲህማ ለመሞከር ገንዘብ አያስፈልግም።

ኮዱን ከእንዲህ ያለ መፍታት የሚከላከሉ ነፃም የሚሸጡም መሣሪያዎች አሉ። ከነፃዎቹ ዩፒኤክስን እርሱት። ፋይል ማሳነሻ ነው፣ ራሱ በአንድ ትእዛዝ መልሶ ይፈታዋል። ለዶትኔት፣ ማለትም በሲ ሻርፕ ለተጻፉት፣ ኮንፊውዘርኤክስ ይሻላል፤ ኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች ያጠፋል፣ ጽሑፎችን ይቆልፋል። ግን ዋናው ፕሮጀክት ከቆመ ቆይቷል፣ መፍቻዎቹም እንደልብ ይገኛሉ። ነካ ነካ የሚያደርገውን ሰው ያስቆማል፣ ሙያው ያለውን አያስቆምም።

ገንዘብ የሚወጣባቸው ቪኤምፕሮቴክትና ቴሚዳ ናቸው። በሲ ፕላስ ፕላስ ለተጻፈ ፕሮግራም ሁለቱም የመረጣችሁትን የኮድ ክፍል ራሳቸው ወደፈጠሩት የትእዛዝ ቋንቋ ይቀይሩትና ተርጓሚውን ፋይሉ ውስጥ ይከቱታል። ፋይሉን በጊድራ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ተርጓሚው ነው፤ የላይሰንስ ፍተሻችሁን ለማግኘት ያንን መፍታት አለበት። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜና እውቀት ይጠይቃል። ቴሚዳ ለዊንዶውስ ብቻ ነው፣ ቪኤምፕሮቴክት ሊኑክስና ማክ ላይም ይሠራል። ላይሰንስ መስጠትና ፕሮግራሙን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ማሰር ከፈለጋችሁ፣ ከቴሚዳ ወገን ዊንላይሰንስን፣ ከቪኤምፕሮቴክት ደግሞ አልቲሜት የሚባለውን ነው የምትገዙት። የቪኤምፕሮቴክት የራሱ ኮድ በ2023 በከፊል ሾልኮ መውጣቱንም አትርሱ። ሱቆቻችን ከሞላ ጎደል ዊንዶውስ ስለሆኑ እኔ ዊንላይሰንስን እመርጣለሁ። ሊኑክስ ሰርቨር ያለው ሰው ግን ምርጫው ቪኤምፕሮቴክት ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ መጀመሪያ የሙከራውን ቅጂ አውርዳችሁ በራሳችሁ ፕሮግራም ላይ ፈትሹት።

የትኛውንም ብትገዙ፣ ሙሉ ፕሮግራሙን በዚህ መንገድ እንዳትቀይሩ! እንዲህ የተቀየረ ኮድ በጣም ይዘገያል፣ በየሱቁ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አሮጌ ነው። የላይሰንስ ፍተሻውንና የቁልፉን ስሌት ብቻ ቀይሩ። አንቲቫይረስም እንዲህ ያለ ፋይል ሲያይ ቫይረስ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፣ ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

ሌላው፣ ለእኛ ከተማ ዋናው ነገር፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በኢንተርኔት ላይሰንስ የሚጠይቅ አሠራር እንዳትመርጡ። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ አይተናል፤ ያኔ ፋርማሲው መድኃኒት መሸጥ አቆመ ማለት ነው። ያለ ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ መለያ ጋር የሚታሰር ቁልፍ ስጡ። መብራት እየሄደ እየመጣ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ መለያው ሊቀየር ስለሚችል፣ ደንበኛው ደውሎ አዲሱን ሲነግራችሁ ወዲያው ሌላ ቁልፍ የምትልኩበትን መንገድ ከሽያጩ ቀን ጀምሮ አዘጋጁ።