«ደጀን ደርሰዋል» ብለው ሸጡን፦ የኮሜዲ ድራማ «የአድናቂዎች ቀን» ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ለጎጃም ልጆች ነው። ለማርቆስ፣ ለደምበጫ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬ፣ ለእንጅባራ፣ ለባሕር ዳር። «ተወዳጁ ኮሜዲ ከነተዋናዮቹ ወደ ከተማችሁ መጣ» የሚል ፖስተር ቴሌግራም ላይ ሲዞር ካያችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ አንብቡኝ። እኛ ለትኬት ብቻ 2,400 ብር ተበልተናል። ትራንስፖርቱና የዋለው ቀን ሌላ ነው።

የድራማውን ስም አልጠራም። ተዋናዮቹ ምንም አላጠፉም፤ የእነሱም ፎቶ ያለፈቃዳቸው ነው የተሸጠው። የአዘጋጆቹንም ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ነው። ደግሞም ስም ነገ ይቀየራል። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ አሠራራቸውን ነው።

እማዬ ደምበጫ ነው የምትኖረው። ሳቅ ትወዳለች። «ቤቶች» በኢቲቪ በሚታይበት ዘመን ጎረቤቱ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር የሚያየው፤ ድራማው ሲጀምር ቡናው ቀርቦ መጠበቅ ነበረበት። የፋናው «ምን ልታዘዝ» ሲመጣ ደግሞ የካፌውን ሰዎች እንደ ዘመድ ልጅ በስማቸው ትጠራቸው ነበር። አሁን የምትከታተለው ድራማ አንድም ክፍል አያመልጣትም። መብራት የጠፋ ዕለት በስልኬ ነው የማሳያት።

ያለፉት ዓመታት ለእኛ አገር ቀላል አልነበሩም። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ሲጠፋና ሲመለስ ከርመናል። በዚያ ሁሉ መሀል እማዬን ከልቧ የምታስቃት አንዲት ተዋናይት ነበረች። ድራማው ላይ እናት ሆና ነው የምትሠራው። ስለዚህ ማርቆስ ላይ «የአድናቂዎች ቀን» አለ፣ ተዋናዮቹን በአካል ታገኛላችሁ ሲባል ዓይኔን አላሸሁም።

ፖስተሩ ላይ የአምስት ተዋናዮች ፎቶ አለ። ከሥሩ «አንድ ክፍል መድረክ ላይ በቀጥታ ይቀርባል፣ ጥያቄና መልስ ይኖራል፣ አብራችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ» ይላል። መደበኛው 400 ብር፣ ቪአይፒው 1,000 ብር። ቪአይፒ ማለት የፊት ወንበር፣ ቲሸርትና ፎቶ ነው። ለእማዬና ለእኔ ቪአይፒ፣ ለታናሽ ወንድሜ መደበኛ ያዝኩ።

ገንዘቡን ላኪ የተባልኩት በባንክ ሂሳብ ነው። ቁጥሩን ሳስገባ ስልኬ ላይ የወጣው ስም የድርጅት አይደለም። የአንድ ግለሰብ ስም ከነአባቱ ነው። አይቼዋለሁ። ግን «30 ወንበር ብቻ ነው የቀረው፣ ቶሎ በሉ» ብለው ጽፈውልኝ ስለነበር ቸኩዬ ላክሁ። እናንተ እዚህ ጋ ቁሙ። እውነተኛ አዘጋጅ የንግድ ፈቃድ አለው። ፈቃድ ያለው ሰው በድርጅቱ ስም ሂሳብ መክፈት አይቸግረውም። በቴሌብርም ቢሆን ለነጋዴ መክፈያው ለግለሰብ ከመላኪያው የተለየ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚጋብዝ ድርጅት በአንድ ልጅ የግል ሂሳብ ገንዘብ ከሰበሰበ፣ ነገ ስትፈልጉት የምታገኙት ያንን ልጅ ነው፤ እሱንም ካገኛችሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከደምበጫ በሚኒባስ ተነሳን። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳለች። በእጇ በሃይላንድ የተሞላ ማር ይዛለች። አጎቴ ከራሱ ቀፎ የቆረጠው ነው። እንዳይፈስ ክዳኑን በፌስታል አስራ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላዋለች። ለዚያች ተዋናይት ልትሰጣት ነው። «ባዶ እጄን ሄጄ ምን ብዬ ልሳማት?» አለችኝ መኪና ውስጥ።

ዝግጅቱ 8 ሰዓት ይጀመራል ተብሏል። እኛ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርን። ከአማኑኤል የመጣ አለ፣ ከሉማሜ የመጣ አለ፣ ከደብረ ኤልያስ ድረስ የመጣ አለ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

8 ሰዓት አለፈ። በር ላይ ያለው ልጅ «ተዋናዮቹ ደጀን ደርሰዋል፣ ትንሽ ታገሱ» አለን። እሺ አልን። ከደጀን ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢቆዩ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። 9 ሰዓት ሆነ። 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሌላ ልጅ ወጣና በሞንታርቦ «ውድ እንግዶቻችን አሁን የዓባይን ድልድይ እየተሻገሩ ነው» ብሎ አወጀ።

ከኋላችን አንድ ጎልማሳ ቆመው ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ወዲያው ጮኹ። «አንተ ልጅ! ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ በረሃውን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ነው ደጀን የሚወጣው። ቅድም ደጀን የደረሰ ሰው አሁን ድልድዩ ላይ ምን ይሠራል?»

ልጁ መልስ አጣ። ማይኩን አጥፍቶ ገባ። ያኔ ነው ሆዴን ባር ባር ያለኝ። እማዬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በሩ የተከፈተው 10 ሰዓት ላይ ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፤ እጃችን ላይ በቀለም ማኅተም መትተው አስገቡን። ቪአይፒ የተባለው ነጭ ጨርቅ የለበሰ የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ሁለት ረድፍ። ቲሸርቱን ስንጠይቅ «አልቋል» አሉን፤ አንድም ሰው ላይ ግን አላየንም። መድረኩ ላይ ሶፋ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ በር የለ። ነጭ ሸራ ብቻ ተሰቅሏል።

«በቀጥታ ይቀርባል» የተባለው ይኸው ሸራ ነበር። በፕሮጀክተር የድሮ ክፍሎችን ከዩቲዩብ ከፈቱልን። እማዬ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። መሀል ላይ ማስታወቂያ ገባ። አንዱ ልጅ እየሮጠ ላፕቶፑ ጋ ደረሰ። ማስታወቂያውን መዝለል እስኪፈቀድለት ድረስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሸራው ላይ 5፣ 4፣ 3 እያለ የሚወርደውን ቁጥር ተቀምጦ አየ። ማጉረምረሙ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህንን ከቤቴ ሳልወጣ ማወቅ ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ድራማ አንድ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት እንኳን ባይሞላ፣ ትዕይንት በትዕይንት፣ ቆም እየተባለ፣ እየተደገመ ነው የሚቀረጸው። ቤቱ አለ፣ ዕቃው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ካሜራው አለ። ያንን መድረክ ላይ በአንድ ትንፋሽ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። እንደ ቴያትር ተጽፎ፣ ሳምንታት ልምምድ ይፈልጋል። «አንድ ክፍል በቀጥታ» ሲሏችሁ ማን ጻፈው፣ ማን አዘጋጀው፣ እነማን ይተውኑበታል ብላችሁ ጠይቁ። በእርግጥ የተሠራ ነገር ካለ የሚመልስ ሰው ይኖራል።

በመጨረሻ አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጣ። ድራማው ላይ ሁለት ጊዜ አስተናጋጅ ሆኖ ታይቷል። እሱን አልቀየመውም። ላቡ ግንባሩ ላይ ይታያል። «እኔንም ሌሎቹ ይመጣሉ ብለው ነው የጠሩኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። የቻለውን ያህል አጫውቶን ወረደ። ሰውም አጨበጨበለት።

ከዚያ «ቪአይፒዎች ለፎቶ ተሰለፉ» ተባለ። ፎቶው ከባነር ጋር ነው። የተዋናዮቹ ምስል በቁመታቸው ልክ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ተራዋ ሲደርስ የዚያችን ተዋናይት ምስል ትንሽ አየችው። «ይቺማ ወረቀት ናት» አለችና ዞር አለች። ማሩን በነጠላዋ እንደጠቀለለች ይዛ ወጣች። ያው ማር ደምበጫ ተመልሶ ገባ።

በር ላይ «ብራችን ይመለስ» ያልን ብዙ ነበርን። የትኬቱን ጀርባ አሳዩን፤ «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» ይላል። በዚህ አትሸነፉ። ያ ጽሁፍ የሚሠራው እናንተ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ነው። የሸጡላችሁን ነገር ሳያቀርቡ ሲቀሩ ሌላ ጉዳይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ መጠየቅ ይችላል። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጁም፣ ቁጥር 759/2004፣ ይከለክላል። ከዚያ ሲያልፍ ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከተበላሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ወደ ንግድና ገበያ ልማት ጽህፈት ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ በደንብ ሰማችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ደረሰኝ አለሽ?» ነው። የለኝም። ትኬቱን ገልብጣ አየችው። የድርጅት ስም የለውም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ያለው አንድ ስልክ ቁጥር ነው፤ እሱም ከእሁድ ጀምሮ ዝግ ነው። መለያ ቁጥሩ ቢኖር ባለቤቱን ለማግኘት መንገድ ነበር አለችኝ። አቤቱታዬን ጽፋ ተቀበለችኝ፣ ፖሊስ ጋም እንድሄድ መከረችኝ።

ፖሊስ ጋ የጠቀመኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገንዘቡን በላክሁ ጊዜ ባንኩ የላከልኝ መልዕክት ነው፤ የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ አለ። ሁለተኛው ወንድሜ ያስቀመጠው ስክሪንሾት ነው። ቻናሉ እሁድ ማታ ተሰርዟል። ወንድሜ ፖስተሩንና «ሁሉም ተዋናዮች ይገኛሉ» ያሉበትን መልዕክት ቀድሞ ባያስቀምጥ ኖሮ ባዶ እጄን ነበርኩ። ትኬት በገዛችሁበት ደቂቃ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዝግጅቱ በኋላ ሳይሆን በፊት።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ማጣራት እኮ ቀላል ነበር። ድራማው የራሱ ገጽ አለው። በየሳምንቱ አዲስ ክፍል የሚለቀቅበት ማለት ነው። ማክሰኞ ጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ቀን «ማርቆስ ላይ ምንም ዝግጅት የለንም፣ አልነበረንምም» ብለው መለሱልኝ። ያን ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በፊት ልኬ ቢሆን እማዬ ማሯን ይዛ አትንከራተትም ነበር። አዳራሹ ጋም መደወል ይቻል ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው የተከራየው «ለፊልም ማሳያ» ተብሎ ነው አሉኝ፤ ውሉ ላይ ስለ ተዋናይ የተጻፈ ነገር የለም። አዳራሽ የሚያከራይ ሰው ማን እንደተከራየውና ለምን እንደተከራየው ያውቃል። ደውላችሁ ጠይቁት።

ትናንት ማታ ወንድሜ ሌላ ፖስተር ላከልኝ። አሁን ከተማው ፍኖተ ሰላም ነው። አምስቱ ፎቶዎች እነዚያው ናቸው፣ ዋጋው እንዳለ ነው። የተቀየረው የሂሳብ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ለፖሊስ አስገብቻለሁ፤ ለድራማው ገጽም ልኬላቸዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ጅጋና ቡሬ ያላችሁ፣ አትክፈሉ። የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ሄዳችሁ አመልክቱ። ያን ቅዳሜ ማርቆስ ከእኛ ጋር የነበራችሁ ደግሞ ትኬታችሁን አትጣሉት። ከባንክ መልዕክታችሁ ጋር ይዛችሁ ወደ ከተማው ፖሊስ ሂዱ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እስካሁን ያመለከትነው ግን 11 ሰዎች ብቻ ነን።