ደብረ ብርሃን ላለው ኤዲተራችን ምስጋና፣ ፊልም ለምትሠሩ ደግሞ ጥቆማ

ስለ መንዝ በርኖስና ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር ስለሚሠሩት ካባና ብርድ ልብስ፣ የሠራነው ዘጋቢ ፊልም አልቆ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አብዛኛው ምስጋና ለካሜራማናችን ደረሰው። ይገባዋል። ግን ያንን ሁሉ ቀረጻ ፊልም ያደረገው ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ኤዲቱንም ከለሩንም (የምስሉን ቀለምና ብርሃን ማስተካከሉን) የሠራልን ወንድማችን ነው። ስሙ በአደባባይ ሲነሳ ስለማይወድ አልጽፈውም። ሥራውን ግን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም።

ሙያውን የጀመረው እንደ ብዙዎቹ ከሰርግ ቪዲዮ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ለዓመታት ረዳት ኤዲተር ሆነ። ድምፅና ምስል ማገጣጠም፣ ፋይል መሰየም፣ ሌላው የሚቆርጠውን ማዘጋጀት። ስም የማያስጠራ ሥራ ነው፤ ጥንቃቄውን ያመጣው ግን ከዚያ ይመስለኛል። ሃርድ ዲስካችንን ሲቀበል ሁለት ቦታ ሳይገለብጠው አንድ ክሊፕ እንኳ አልከፈተም። ከለሩን በኋላ ላይ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ራሱን አስተማረ። የሶፍትዌሩ ነፃ ቅጂ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው ይላል።

ቃለ መጠይቆቹን አንድ በአንድ አዳምጦ፣ ከነደቂቃቸው በጽሑፍ አወጣቸው። አንዲት እናት ጥያቄው ካለቀ በኋላ እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ የሚፈትሉት ጸጉር ለየትኛው ልጃቸው ባና እንደሚሆን ለራሳቸው ያወራሉ። ካሜራው አልጠፋም ነበር። ፊልሙን የጀመረው በዚያ ነው። ሙዚቃ እናስገባበት ስንለው «ተዉት፣ እንዝርቱ ይሰማ» አለን። ያየው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ያንን ቦታ ነው።

ከለሩ ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ ነው። የቀረጽነው ሎግ በሚባለው የካሜራ አቀራረጽ ነው። ሎግ ምስል ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የብርሃኑም የጥላውም ዝርዝር እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። አሁን አስቡት፤ አንድ አባት ጥቁር በርኖስ ለብሰው፣ ከጎናቸው ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ከላይ የመንዝ የቀትር ፀሐይ። በርኖሱ ይታይ ካልክ ጋቢው ድፍን ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ጋቢውን ካዳንክ በርኖሱ ድፍን ጥቁር ይሆናል። እሱ ሁለቱን ለየብቻ ከልሎ፣ ሰዎቹ ሲራመዱም እየተከተለ አስተካከላቸው። አንድ ቁራጭ በርኖስ አምጡልኝ ብሎን ሞኒተሩ አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ጥቁር የምንለው የበግ ጸጉር ብርሃን ሲነካው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ያ ቡኒ ፊልሙ ላይ አለ። የፈትሉ ሻካራነት እንኳ ይታያል።

የሰው ፊት ደግሞ አያነጣም። ብዙ ቦታ «ይጥራ» እየተባለ የገበሬው ፊት የራሱ እስከማይመስል ድረስ ይነጣል። ይሄ ያናድደኛል። የእሱ ሽማግሌዎች ፀሐይና ብርድ የጠበሰው የራሳቸው ፊት አላቸው። ዓይን ስክሪኑን ቶሎ እንደሚለምድ ስለሚያውቅ በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ የምስሉን ብርሃንና ቀለም በግራፍ በሚያሳየው ስኮፕ ይለካል። ሲጨርስ ደግሞ በቴሌቪዥንም በተራ ስልክም ያየዋል። የኛ ሰው የሚያየው በስልክ ነዋ!

የመንዝን ደጋ ጓሳን ከመቅረጻችን በፊት የሰጠን ምክርም ብዙ አዳነን። ካሜራውን 10 ቢት ላይ አድርጉት አለን። 8 ቢት ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ 10 ቢት 1024 አለው። ጉም ቀስ እያለ ከነጭ ወደ ግራጫ ስለሚሄድ፣ ደረጃው ሲያንስ ከለሩ ሲነካ መስመር መስመር ይሠራል። የጓሳ ጉም ፊልሙ ላይ እንዲያ ለስላሳ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ አንኮበር ሆናችሁ ፊልም የምትሠሩ፣ ለኤዲት የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም። ዋጋውን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ መሐል ላይ አይጨምርም። ቁርጡ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ፣ ማለትም ኤዲቱ የማይነካ ሆኖ ሳያልቅ ግን ከለር አይጀምርም፣ እዚህ ላይ አትከራከሩት። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዜር ይስጥልን፤ የመንዝ እናቶችም ምርቃታቸውን ልከውልሃል።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ወረፋ ስላለበት ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት አነጋግሩት።