«ከእፅዋት የተገኘ ቫይታሚን ዲ» ሲሏችሁ ብልቃጡን አዙራችሁ አንብቡ

ወገን፣ በቴሌግራም ቻናሉም በፌስቡኩም እንደ ጉድ እየተቸበቸበ ያለ ዕቃ አለ፤ «መቶ በመቶ ከእፅዋት የተገኘ ቫይታሚን ዲ» ይሉታል። አክስቴ የገዛችው ብልቃጥ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ነገ ሌላ ስም ይዞ ስለሚመጣ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ ብልቃጡን ራሳችሁ ማንበብ መቻላችሁ ነው።

ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ከሥሩ በደማቁ «5000» ተጽፏል። ሲዞር በደቃቅ ፊደል «የአንድ ጊዜ መጠን፦ 4 እንክብል» ይላል። አያችሁት? 5000ው የአንዱ እንክብል ሳይሆን የአራቱ ድምር ነው። ብልቃጡ የሚይዘው 60 ፍሬ ስለሆነ «ሁለት ወር ያደርስሻል» ተብላ የገዛችው በ15 ቀን ያልቃል።

ወረድ ሲል «ልዩ የእፅዋት ቅይጥ፣ 800 ሚሊግራም» ይልና የቅጠል፣ የሥራሥርና የስፒሩሊና ስም ይደረድራል። ቫይታሚን ዲ ሁለት ዋና ዓይነት አለው፣ ዲ2 እና ዲ3፤ ይህኛው ዲ2 ይሁን ዲ3፣ ከየትኛው እንደወጣ፣ አንድም ቃል የለም። 800ው የተጻፈው ዓይን እንዲሞላ ብቻ ነው። ቫይታሚን ዲ የሚለካው በማይክሮግራም ወይም አይዩ በሚባለው መለኪያ ነው፤ 1 ማይክሮግራም 40 አይዩ ይሆናል። 5000 አይዩ ማለት እንግዲህ 125 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ሚሊግራም አንድ ስምንተኛ። ያም በእርግጥ ውስጡ ካለ ነው። የቀረው የተፈጨ ቅጠል ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ!

ቅጠላ ቅጠል ለብዙ ነገር ይበጃል፤ የሚረባ ቫይታሚን ዲ ግን አይገኝበትም። ዲ2 የሚወጣው እርሾና እንጉዳይ ውስጥ ያለው ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ነው። ጨለማ ቤት ያደገ፣ ጨረር ያልነካው እንጉዳይ እንኳ ይህ ነው የሚባል ቫይታሚን ዲ የለውም። ሻጩ «አዲስ ግኝት» ያለው ደግሞ ያስቃል፤ ምግብን በጨረር መትቶ የአጥንት ልስለሳን መከላከል እንደሚቻል አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪ ስቲንቦክ ያሳየው በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ዊንዳውስም በስቴሮል (እነ ኤርጎስቴሮል ያሉበት ቤተሰብ) እና በቫይታሚን ዝምድና ላይ በሠራው ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው በ1928 ነው።

ዲ3ን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የሚሠራው ከበግ ሱፍ ቅባት ነው። ነውር የለበትም፤ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ለማይወስድ ሰው ግን «ከእፅዋት» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው። ያለ እንስሳ የሚሠራ ዲ3ም አለ፤ ድንጋይና ግንድ ላይ ከሚለጠፈው ላይከን ይወጣል። ያንን በትክክል የሚሠራ አምራች «ከላይከን የተገኘ ዲ3» ብሎ በግልጽ ይጽፋል፤ ወጪ አውጥቶበታልና ለምን ይደብቀዋል? ዲ2ም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ሐኪሞች ያዙታል። ግን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ በማድረግና እዚያው በማቆየት ዲ3 ይበልጠዋል። ዲ2ን በዲ3 ዋጋ አትግዙ።

አክስቴ ጥርጣሬ ሲገባት ሻጩ የመለሰላት ይህን ነው፦ «እህቴ፣ ተፈጥሯዊ ነው እኮ፤ ብትወስጂ ብትወስጂ አይጎዳሽም።» እኔን ያስቆጣኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው። አርጀንቲና ውስጥ ሶላነም ግላውኮፊለም የሚባል ተክል አለ። ሰውነታችን በጉበትና በኩላሊት አሳልፎ የሚያዘጋጀውን የቫይታሚን ዲ ንቁ ዓይነት ተክሉ በውስጡ ይዞታል። የሚግጡት ከብቶች ካልሲየም በደም ሥራቸውና በሳንባቸው ላይ ይጋገርባቸዋል፤ ይከሳሉ፤ ይሞታሉ። ተፈጥሯዊ አይደለም የሚል አለ?

ሰውም ላይ መጠኑ ሲያልፍ የሚሆነው የዚያው ዘመድ ነው። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ እንደ ቫይታሚን ሲ ትርፉ በሽንት አይወጣም። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ የማያቋርጥ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት ይመጣል፤ እየቆየ ኩላሊት ይጎዳል። በአሜሪካና በካናዳ መመሪያ ለአዋቂ የቀን ፍላጎቱ 600 አይዩ፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800 ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይታለፍ የተቀመጠው ጣሪያ 4000 ነው። የአክስቴ ብልቃጥ ለየቀኑ 5000 ያዛል። እሷ ደግሞ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ሁለቱ ሲደመሩ አደጋው ይጨምራል። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ የጠየቃት ማንም የለም።

የ5000ውን ቁጥርም ቢሆን ማን አረጋገጠው? በፈረንጆቹ 2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የቫይታሚን ዲ ክኒኖችን ላቦራቶሪ ሲፈትሽ ይዘታቸው ተጽፎ ከነበረው ከ9 በመቶ እስከ 146 በመቶ ተለያይቶ ተገኝቷል። ስለዚህ እንደ ዩኤስፒ ያለ የገለልተኛ መርማሪ ምልክት ፈልጉ። «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ የላቦራቶሪው ስም ከሌለበት ባዶ ነው።

«ካንሰርን፣ የልብ ሕመምን ያጠፋል» ማለታቸውንም እለፉት። ቫይታሚን ዲ አንጀት ካልሲየም እንዲቀበል ያደርጋል፤ ሲጎድል የልጆች አጥንት ይለሰልሳል፣ የአዋቂም ይታመማል። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ያለፈውን ለማየት 25,871 ሰው የተሳተፈበት ቫይታል የተባለ ጥናት በቀን 2000 አይዩ ሰጥቶ ተከታትሏል፤ በፈረንጆቹ 2019 ሲታተም ካንሰርም ሆነ የልብ ድካምና ስትሮክ አልቀነሱም። ጎድሎኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው «25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ» የተባለውን የደም ምርመራ ሐኪሙን ያማክር። በመልእክት ሳጥን ውስጥ ምልክት ጠይቆ «ጎድሎሻል» የሚል ሻጭ አይመረምርም።

መግዛታችሁ ካልቀረ ክፍያ ሳትፈጽሙ የብልቃጡን ጀርባ ሙሉ ፎቶ ላኩልኝ በሉት። የአንድ እንክብል መጠን፣ ዲ2 ወይስ ዲ3፣ ምንጩ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ ካልታየ ተዉት። የገዛችሁም ብትሆኑ ብልቃጡን ከምትወስዷቸው መድኃኒቶች ጋር ፋርማሲስት አሳዩ። ንግግራችሁንም ወዲያው ፎቶ አንሱት፤ አክስቴ ገንዘቧን ስትጠይቅ ሻጩ ቴሌግራም ላይ ያለውን የሁለቱንም መልእክት በአንድ ጊዜ ሰርዞታል።