ማይክሮቲክ ሄክስ ከዋየርጋርድ ጋር፦ የሐዋሳን ቅርንጫፍ ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ያገናኘንበት ራውተር

የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ በሆነ መካከለኛ የንግድ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ የኔትወርኩ ኃላፊነት የእኔ ነው። ሁለቱን ቢሮዎች አንድ ዓመት ያህል ያገናኘንባቸው መሣሪያዎች ሁለት ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተሮች ናቸው፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ደግሞ ዋየርጋርድ የሚባለው ነው። ሐዋሳ የኔትወርክ ባለሙያ ስለሌለን መሣሪያውን ከሁሉ በላይ የመዘንኩት በአንድ ነገር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መስመሩ የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ ይመለሳል ወይ?

ቀደም ሲል የነበረን አሠራር ዛሬም በብዙ ቢሮዎች ይታያል። የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥና የመጋዘን ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ሰርቨሩ የሚገቡት በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ከፍተው በመሥራት ነበር፤ ለዚህም የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነው ፖርት 3389 ለመላው ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ይውል ያድር ነበር። የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት ከማናውቃቸው አድራሻዎች የይለፍ ቃል ለመገመት የሚደረገው ሙከራ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ መሆኑን አየሁ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ወደ ድርጅቶች ከሚገባባቸው የታወቁ በሮች አንዱ ይኸው ነው። አንዳንዶች በምትኩ የሚዘረጉት ፒፒቲፒ የተባለው የቆየ የቪፒኤን ዓይነትም ቢሆን የይለፍ ቃል ማረጋገጫው እ.ኤ.አ. በ2012 ሊሰበር እንደሚችል በይፋ ስለታየ፣ ደመወዝና የደንበኛ ሒሳብ ሊተላለፍበት አይገባም።

የገመገምኩት ሄክስ አርቢ750ጂአር3 የሚባለው ነው። አምስት የጊጋቢት የኬብል መሰኪያዎች፣ 880 ሜጋኸርዝ ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም ያለው ትንሽ ሣጥን ሲሆን ዋይፋይ የለውም። ዋየርጋርድ የሚሠራው የማይክሮቲክ ራውተሮች ሶፍትዌር በሆነው በራውተር ኦኤስ 7 ላይ በመሆኑ፣ 6ኛው ስሪት የተጫነበትን የገዛ ሰው አስቀድሞ ማሻሻል ይኖርበታል። መሣሪያው አይፒሴክ የተባለውን የሌላ ቪፒኤን ዓይነት ምስጠራ በሃርድዌር ያግዛል፤ የዋየርጋርድን ምስጠራ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሠራዋል። ፈጣን ፋይበር ላለው ቢሮ ይህ ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል፤ የእኛ የቅርንጫፍ መስመር 20 ሜጋቢት ስለሆነ ግን ለውጡ አልታየንም።

ዋየርጋርድን የመረጥኩት የሚስተካከለው ነገር ጥቂት በመሆኑ ነው። ኮዱ ወደ 4,000 መስመር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ደግሞ ከሊኑክስ ስርዓተ ክወና ስሪት 5.6 ጋር ተዋሕዶ ወጥቷል። እያንዳንዱ ራውተር የራሱ የግል ቁልፍና ይፋዊ ቁልፍ አለው፤ ሁለቱ ወገኖች ይፋዊ ቁልፋቸውን ብቻ ይለዋወጣሉ፣ የግል ቁልፉ ከራውተሩ አይወጣም። ሠራተኛ የሚረሳው ወይም በወረቀት ጽፎ የሚለጥፈው የይለፍ ቃል የለም። ቋሚ አይፒ (የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ) የሚያስፈልገውም ለአንዱ ወገን ብቻ ነው፤ እኛ ለዋናው መሥሪያ ቤት ወስደን፣ ሐዋሳ ያለው ራውተር በየ25 ሰከንዱ አጭር መልእክት እየላከ መስመሩን ክፍት እንዲያደርግ አዘዝነው።

ሥራው ግን በአንድ ቀን አላለቀም። ሁለቱም ቢሮዎች 192.168.1 የሚለውን የአድራሻ ክልል ይጠቀሙ ስለነበርና ራውተሮቹ የትኛው አድራሻ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ መለየት ስለማይችሉ የሐዋሳውን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች በሙሉ ወደ ሌላ ክልል ማዛወር ነበረብን። ቀጥሎ ፒንግ (መስመሩን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) እየሠራ ትልቅ ፋይል የሚቆምበት ችግር ገጠመን፤ የዋየርጋርድ የተለመደው የፓኬት (የአንድ የመረጃ እሽግ) ልክ 1420 ባይት ሲሆን ምስጠራው እስከ 80 ባይት ይጨምርበታል፤ የፋይበር መስመራችን ደግሞ ፒፒፒኦኢ በተባለ የግንኙነት ዘዴ የሚገባና ከ1492 በላይ የማያሳልፍ በመሆኑ ልኩን ወደ 1412 ስናወርደው ተስተካከለ።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው። ሄክስ የሰዓት ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ትክክለኛውን ጊዜ ያጣል። ዋየርጋርድ ደግሞ ግንኙነት ለመጀመር በሚልከው የመጀመሪያ መልእክት ላይ ሰዓት ይጽፋል፤ ተቀባዩም ከዚያው ራውተር ቀደም ሲል ከተቀበለው ሰዓት የማይበልጥ ሰዓት የያዘውን መልእክት ይጥለዋል፤ ይህም አንድ አጥቂ የድሮ መልእክት ቀድቶ መልሶ እንዳይልክ ለመከላከል የተደረገ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። እኔ ግን የሐዋሳውን ራውተር ሰዓቱን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር በቪፒኤኑ በኩል እንዲወስድ አድርጌው ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ወደ ኋላ በቀረ ሰዓት ተነሣ፤ በዚህ ምክንያት ቪፒኤኑ አልገናኝ አለ፤ ቪፒኤኑ ስላልተገናኘም ሰዓቱን የሚያስተካክልበት መንገድ አጣ። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ቅርንጫፉ ደረሰኝ በእጅ ሲጽፍ ዋለ። ጥፋቱ የአዘረጋጌ ነበር፤ ሰዓቱን በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዲወስድ ካደረግሁ ወዲህ መብራት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ተመልሷል።

ደኅንነቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 በማይክሮቲክ የዊንቦክስ ማስተዳደሪያ ላይ ክፍተት ተገኝቶ፣ ማስተካከያው ከወጣ በኋላ እንኳ ሳይሻሻሉ የቀሩ እጅግ ብዙ ራውተሮች ተጠልፈዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ማደስና የዊንቦክስ መግቢያ የሆነውን ፖርት 8291ን ከኢንተርኔት መዝጋት ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ ቪፒኤን ስለተመሰጠረ ብቻ በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ ንጹሕ አይሆንም፤ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር በቫይረስ ቢያዝ ቫይረሱም በዚያው መስመር ይጓዛል። እኛ በፋየርዎሉ (የሚያልፈውንና የሚታገደውን በሚወስነው የራውተሩ ክፍል) ላይ ከሐዋሳ ወደ ሒሳብ ሰርቨሩ ሪሞት ዴስክቶፕ ብቻ እንዲያልፍ ፈቅደናል።

በሪሞት ዴስክቶፕ መጠቀማችንን የቀጠልነው በሌላም ምክንያት ነው። ፒችትሪን የመሰለ የመረጃ ፋይሉን በኔትወርክ ላይ ከፍቶ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ፈጣን መስመር የተሠራ በመሆኑ፣ በከተሞች መካከል ቪፒኤን ተዘርግቶለት እንኳ እጅግ ይዘገያል። ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ሰርቨሩ ላይ ሲሠራና ወደ ሐዋሳ ምስሉ ብቻ ሲሄድ ግን ገንዘብ ያዧ ያለ ችግር ትሠራለች።

ዋየርጋርድ መልእክቱን የሚልከው ዩዲፒ በተባለው የመረጃ አላላክ ብቻ ስለሆነ ይህ በሚዘጋበት ኔትወርክ አይሠራም፤ ቅርንጫፎቹ ብዙ ለሆኑ ድርጅትም ቁልፎችን አንድ በአንድ በእጅ ማስገባቱ አድካሚ ይሆናል። ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቅርንጫፍ ግን ይህን መሣሪያ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እኛ የሐዋሳው ቅንብር የተጫነበት፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ሦስተኛ ሄክስ ገዝተን ቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ አስቀምጠናል። የሚሠራው ቢቃጠል ገንዘብ ያዧ ኬብሎቹን ነቅላ በዚህኛው ላይ ትሰካለች፤ ቢሰረቅ ደግሞ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የተሰረቀውን ራውተር ይፋዊ ቁልፍ ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ።