«ጸሎቱን ቁረጪው» ያለኝ ኮርስ

ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ አጻጻፍ የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ በቅርቡ ጨረስኩ። ከሙገሳዬ ጋር ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። የተቀረጹ ትምህርቶች አሉት። አልፎ አልፎ ከአስተማሪው ጋር በቀጥታ የምንገናኝበት ሰዓት አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ አርታኢ ከረቂቃችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ይልክላችኋል። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ገንዘቡ የሚያዋጣው ለዚህ ለመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ስለ ጥሪ ነው። ረጅም ነው፣ ይደጋግማልም። ፍሬ ነገሩ እግዚአብሔር ከጠራህ የምትጽፈውንም ይሰጥሃል የሚል ነው። አሜን። ግን ዓረፍተ ነገሩን ማን ያቃናው? ስላይዱ ላይ የእንግሊዛዊው ሰባኪና ደራሲ የጆን በንያን ሥዕል ብቅ ይልና ስለ ሰውየው ምንም ሳይባል ይታለፋል። እኔ ብሆን ክፍሉን በሙሉ በእሱ ታሪክ ነበር የማስተምረው። በንያን ያለ ፈቃድ ሰበክ ተብሎ 12 ዓመት ገደማ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1678 ያወጣውን የታዋቂ ሥራውን፣ የ«ፒልግሪምስ ፕሮግረስ»ን፣ መግቢያ በግጥም ነው የጻፈው። እዚያ ላይ እንደሚነግረን፣ ሌላ መጽሐፍ እየጻፈ ሳለ ነው ሳያስበው ወደዚህኛው የገባው። ለሰዎች ሲያሳያቸው ደግሞ አንዳንዶቹ «አሳትመው»፣ ሌሎቹ «ተው» አሉት። ጥሪ እንዲህ ሳይታሰብ፣ ወዳጅ ሳይስማማበትም ሊመጣ እንደሚችል ለጀማሪ ቢነገረው ስንት ጭንቀት ይቀልለት ነበር!

ሁለተኛውን ክፍል ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ርዕሱ «ሳይሰብኩ መተረክ» ነው። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን የበግ ታሪክ፣ 2ኛ ሳሙኤል 12ን፣ ቃል በቃል ይበትነዋል። ሀብታሙ ሰውዬ በጎችና ላሞች እንዳሉት ብቻ ይነገረናል፣ በቃ። የድሃው በግ ግን ከጉርሻው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ እቅፉ ውስጥ ትተኛለች። ዝርዝሩ በሙሉ ልባችን እንዲሰበር በተፈለገበት ቦታ ነው የተቀመጠው። አስተማሪው ሌላም ነገር አሳየን። ናታን በሚተርከው ታሪክ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንዴም አልተነሣም። ፍርዱን የሰጠው ሰሚው ነው፤ ዳዊት ራሱ በቁጣ ገንፍሎ «ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል» አለ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ከዚያ በኋላ መጣ። ብዙዎቻችን ይቺን የመጨረሻዋን ከምዕራፍ አንድ ጀምረን ስንጮኻት እንገኛለን። ከሉቃስ 15ም አንድ ነገር ጨመረልን፦ የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ጌታችን ታሪኩን በር ላይ ትቶት ሄደ። ይህን ትምህርት ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው ስለ ገጸ ባሕርይ ነው። እዚህ ላይ ተበሳጨሁ። የማያምን ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚሣል የተሰጠን ናሙና ቁጡ፣ ግብዝ፣ በልጅነቱ እናቱ የሞተችበት ሰውዬ ነው። ሁለት ጥቅስ ሲነገረው ያለቅሳል። እንዲህ ዓይነት ሰው አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶዬቭስኪ አማኝ ነበር፤ ሆኖም «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ስለ ሕፃናት ስቃይ ያለውን ከባዱን ክርክር ለተጠራጣሪው ለኢቫን ካራማዞቭ ነው የሰጠው። እንዲያውም ልብ ወለዱ በየክፍሉ እየታተመ ሳለ፣ ለኢቫን ያዘጋጀሁት መልስ ይበቃ ይሆን ብሎ በደብዳቤው ላይ ተጨንቋል። አንድ ክርስቲያን ደራሲ ተቃዋሚውን እንዲህ ካልፈራ ተቃዋሚው አሻንጉሊት ነው።

አሁን ወደ አርታኢው ልምጣ። የላክሁት ምዕራፍ ውስጥ ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት እህትማማቾች የታመመች እናታቸውን ፀጉር አብረው ያጥባሉ። መጨረሻው ላይ ታላቂቱ ሩት ግማሽ ገጽ የሚሆን ጸሎት ታደርሳለች። ጠቡ እንዴት እንደተጀመረ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ኅዳጉ ላይ የመጣው አስተያየት ይኸው፦ «ጸሎቱን ቁረጪው። እግዚአብሔር የሆነውን ሁሉ ያውቃል። ሩት ለማን ነው የምትተርከው?»

ሳቅሁ። ከዚያ ረቂቁን ከፍቼ ሌሎቹን ጸሎቶች መፈለግ ጀመርኩ። አሁን ሩት የእናቷን ፀጉር እያበጠረች በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ዝም እንድል እርዳኝ።» የጠቡ ታሪክ ደግሞ ታናሽየዋ ማበጠሪያውን ከሩት እጅ በምትቀማበት አኳኋን ውስጥ ገባ። «ክርስቶስ ይቅር ብሎኛልና እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» የሚለውን ምልልስም ሰው እንዲህ አያወራም ብሎ ሰርዞታል። ትክክል ነው።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም። የሩት ታናሽ እህት ትጠጣለች። ይህን አውጪው አለኝ። ከኮርሱ ጋር የሚመጣ የ«አይፈቀድም» ዝርዝር አለ፤ ስድብ፣ መጠጥ፣ ከመኝታ ቤት በር ወዲያ ያለ ነገር። ለአንዳንድ ክርስቲያን አሳታሚዎች ለመጻፍ ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ገደብ ያላቸው አሉና። ችግሩ የቀረበበት መንገድ ነው። የገበያ ደንብ መሆኑ ቀርቶ የሃይማኖት ቀኖና ሆኖ ነው የተሰጠን። በዚህ ዝርዝር ቢኬድ የኖኅ ስካርም የዳዊትና የቤርሳቤህ ታሪክም ይቆረጡ ነበር። መጠጡን አላወጣሁትም።

የቀጥታው ውይይት ደስ ይላል፣ ሰዉ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ ጽሑፍ የምንነጋገረው ግን መጨረሻ ላይ በሩጫ ነው። የማስታወቂያና ሽያጭ ክፍሉን ዝለሉት፤ የትም የምታገኙት ነው።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ ቢያንስ ጥቂት ምዕራፍ ጽፋችሁ ግቡ። ባዶ እጁን ለሚመጣ ሰው የጥሪው ክፍል ብቻ ነው የሚተርፈው። አርታኢው የሚያነበው አንድ ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያውን አትላኩለት፤ እሱን ሁሉም ሰው አሳምሮ ይጽፈዋል። ገጸ ባሕርያችሁ የሚያምንበትን ወይም የሚክድበትን ምዕራፍ ላኩ። አስተያየቱንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ ልንገርሽ ሲሉ እሺ አትበሉ።